የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ግንባታ ፈተናዎች እና የህንድ ተሞክሮ

ህንድ እ.ኤ.አ በአፕሪል 2025 ራፋል የተሰኙ 26 የባሕር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላኖችን ከፈረንሳይ ለመግዛት ውል ተፈራርማለች። የግዥው ዋጋ 630 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ መሆኑ በወቅቱ ተገልጿል። አውሮፕላኖቹ ከሚሰማሩባቸው መርከቦች አንዷ የሆነችውና በአገሪቱ ባለሙያዎች የተገነባችው ቪክራንት የተሰኘችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ደግሞ 200 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ ወጥቶባታል። ሁለቱ ወጪዎች የተለያዩ ዓመታት ወጪዎች መሆናቸው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አውሮፕላኖቹ ከነጦር መሣሪያቸው፣ ከሥልጠናቸውና ከጥገና አገልግሎታቸው ጋር ከመርከቧ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ ጠይቀዋል ማለት ነው።

አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ለመገንባት የሚነሳ መንግሥት በአብዛኛው ትኩረቱን የሚያሳርፈው በመርከቡ አካል ላይ ነው። ሥራው መጀመሩ የሚበሰረውም፣ መጠናቀቁ የሚከበረውም በመርከቡ ዙሪያ በሚደረግ ሥነ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ህንድን ጨምሮ በዚህ ዘርፍ የተሰማሩ አገሮች ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ያለፉበት ሂደት እንደሚያመለክተው፣ የመርከቡ አካል የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው። እጅግ የሚከብደው ብረቱን፣ ሞተሩን፣ አውሮፕላኑን፣ ባለሙያውንና በጀቱን በአንድ የጊዜ ሰሌዳ አስተሳስሮ መምራትና በመካከሉ ውሳኔን አለመለዋወጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከግዥ ወደ ግንባታ

ህንድ ለአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ እንግዳ አይደለችም። የመጀመሪያዋ ቪክራንት ግንባታዋ በብሪታንያ ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ የቆየች መርከብ ስትሆን፣ ህንድ በ1957 ገዝታ በ1961 ሥራ አስጀምራታለች። ይህች መርከብ በ1971 ከፓኪስታን ጋር በተካሄደው ጦርነት በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ተሰማርታ የነበረ ሲሆን፣ በ1997 ከአገልግሎት ተገልላለች። ሁለተኛዋ ቪራት የብሪታንያ ባሕር ኃይል በ1982ቱ የፎክላንድ ጦርነት ሄርሜስ በሚል ስም የተጠቀመባት ስትሆን፣ ከ1987 እስከ 2017 ድረስ ለህንድ አገልግላለች።

ሦስተኛዋ ቪክራማዲትያ የተገዛችው ከሩሲያ ነው። በጃንዋሪ 2004 በተፈረመው ስምምነት መሠረት የመርከቧ እድሳት 974 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ በ2008 ርክክብ እንዲፈጸም ታቅዶ ነበር። ሥራው ሲጀመር ግን መታደስ ያለበት ክፍል ከታሰበው በእጅጉ የበዛ ሆኖ ተገኘ። ዋጋውም ከረጅም ድርድር በኋላ በ2010 ወደ 2 ነጥብ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍ አለ። በ2012 በተደረገው የባሕር ላይ ሙከራ የእንፋሎት ማሞቂያዎቿ ብልሽት በመግጠሙ ርክክቡ ለተጨማሪ ጊዜ ተራዝሞ በኖቬምበር 2013 ተፈጽሟል። በዋጋም በጊዜም የደረሰው ይህ መዛባት፣ አሮጌ መርከብ አሳድሶ መግዛት ርካሽና ፈጣን አማራጭ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አጠያያቂ አድርጎታል።

ህንድ የራሷን መርከብ በራሷ አቅም ለመገንባት የወሰነችው ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ነው። የአገሪቱ የካቢኔ የጸጥታ ኮሚቴ በጃንዋሪ 2003 ለፕሮጀክቱ 32 ነጥብ 6 ቢሊዮን ሩፒ ፈቀደ። ሥራው በኬራላ ግዛት ኮቺ ከተማ ለሚገኘውና የመንግሥት ድርጅት ለሆነው ኮቺን የመርከብ ግንባታ ድርጅት ተሰጠ። ይሁንና መርከቧ በጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ተመርቃ ባሕር ኃይሉን የተቀላቀለችው በሴፕቴምበር 2 ቀን 2022 ነው። ከፈቃዱ እስከ ምርቃቱ ድረስ ያለው ጊዜ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ የቀሩት ነው። በ2014 የተከለሰው የፕሮጀክቱ ወጪም 193 ነጥብ 4 ቢሊዮን ሩፒ በመድረሱ ከመነሻው ስድስት እጥፍ ያህል አድጓል። ለዚህ ምክንያት የሆኑት ችግሮች በቅደም ተከተል ሲታዩ ትምህርት ሰጪ ናቸው።

ከብረት የጀመረው ፈተና

ቪክራንት 262 ሜትር ርዝመት፣ 62 ሜትር ስፋትና ከ40 ሺህ ቶን በላይ ክብደት ያላት ስትሆን፣ 1 ሺህ 600 ያህል ሠራተኞችን ትይዛለች። በውስጧ ከ2 ሺህ 200 በላይ ክፍሎች አሉ። አንድ የአየር ማረፊያ፣ የአውሮፕላን ማቆሚያና መጠገኛ፣ የነዳጅና የጥይት መጋዘን፣ ሆስፒታልና የኤሌክትሪክ ማመንጫ በአንድ አካል ተጣምረው በባሕር ላይ እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ እንደማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ብረት ደግሞ ፍንዳታንና የባሕር ጨውን መቋቋም የሚችል፣ በብየዳም የማይዳከም ልዩ ዓይነት መሆን አለበት።

ይህን ብረት ከሩሲያ ለማስመጣት ታስቦ የነበረ ቢሆንም አቅርቦቱ ሊሳካ አልቻለም። በመሆኑም በሃይደራባድ የሚገኘው የመከላከያ ብረታ ብረት ምርምር ላቦራቶሪና የመንግሥት የብረታ ብረት አምራች የሆነው ሴይል በጋራ ብረቱን በአገር ውስጥ ለማምረት ተገደዱ። ለመርከቧ የዋለው ልዩ ብረት ከ20 ሺህ ቶን በላይ ነው። የመጀመሪያው ብረት የተቆረጠው በአፕሪል 2005 ሲሆን፣ የመርከቧ አከርካሪ በገንዳው ውስጥ ተዘርግቶ የመገጣጠሙ ሥራ በይፋ የተጀመረው ግን በፌብሩዋሪ 2009 ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያሻል። በአንድ በኩል ብረቱ በጊዜው አለመገኘቱ ለፕሮጀክቱ መጓተት ምክንያት ሆኗል። በሌላ በኩል ደግሞ አገሪቱ ከዚያ በኋላ ለሠራቻቸው ሌሎች የጦር መርከቦች በራሷ ብረት መጠቀም ችላለች። ከዚህ አንፃር የጠፋው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ባክኗል ማለት አይቻልም። ችግሩ የምርምሩ ሥራ በመርከቡ ግንባታ የጊዜ ሰሌዳ ውስጥ መካተቱ ነበር። ብረቱ ቀድሞ ተሠርቶና ተፈትኖ ግንባታው ቢከተል ኖሮ፣ የአንዱ መዘግየት ሌላውን ሁሉ ባላቆመው ነበር።

ተመሳሳይ ችግር በማርሽ ሳጥኖቹም ተከስቷል። የመርከቧ አራት የጋዝ ተርባይኖች በድምሩ 88 ሜጋዋት ኃይል የሚያመነጩ ሲሆን፣ ይህን ኃይል ወደ ማሽከርከሪያዎቹ የሚያስተላልፉት ማርሽ ሳጥኖች በመርከቧ ሆድ ውስጥ፣ በታችኛው ክፍል የሚቀመጡ ናቸው። ማርሽ ሳጥኑና የኤሌክትሪክ ማመንጫው ሳይገባ የላይኛውን ወለል መዝጋት አይቻልም። እነዚህ ዕቃዎች በጊዜያቸው ባለመድረሳቸው በዲሴምበር 2011 በከፊል የተሠራችው መርከብ ገንዳውን ለሌላ ሥራ ለመልቀቅ ሲባል ወደ ውኃ እንድትወጣ ተደረገ። ከዚያም ወደ ገንዳው ተመልሳ ዕቃዎቹ ከተገጠሙላት በኋላ በኦገስት 2013 በይፋ ወደ ባሕር የማውጣት ሥነ ሥርዓት ተካሄደ። ከገንዳው ለመጨረሻ ጊዜ የወጣችው ግን በ2015 ነው። ሥነ ሥርዓቱ ከሥራው ቀድሞ እንደሄደ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የውል አስተዳደርና የቁጥጥር ጉዳይ

የመንግሥት ሥራ አስፈጻሚዎችን በይበልጥ የሚመለከተው የውሉ አካሄድ ነው። በመከላከያ ሚኒስቴርና በግንባታ ድርጅቱ መካከል የመጀመሪያው ምዕራፍ ውል የተፈረመው በሜይ 2007፣ ሁለተኛው በዲሴምበር 2014፣ ሦስተኛው ደግሞ በኦክቶበር 2019 ነው። ብረት መቁረጥ የተጀመረው በ2005 እንደነበር ሲታወስ፣ ሥራው ከውሉ ሁለት ዓመት ቀድሞ መጀመሩ ግልጽ ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው ውል መካከልም ሰባት ዓመት ከመንፈቅ አልፏል።

ሥራን በምዕራፍ ከፍሎ መዋዋል በራሱ ስህተት አይደለም። ዲዛይኑ ሳይጠናቀቅ ለጠቅላላው ሥራ ቁርጥ ዋጋ መስጠት ለአሠሪውም ለሠሪውም አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን የምዕራፎቹ መለያ ድንበር በግልጽ ካልተቀመጠና የሚቀጥለው ውል በጊዜው ካልተዘጋጀ፣ ድርጅቱ ሠራተኞቹን ይዞ ዕቃና ውሳኔ ይጠብቃል። የመጠበቂያው ወጪ በማንኛውም የክፍያ ሰነድ ላይ ለብቻው ተለይቶ ባይታይም በመጨረሻው ድምር ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

የህንድ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በ2016 ለፓርላማ ባቀረበው ሪፖርት ይህንኑ በዝርዝር አመልክቷል። ቁልፍ ዕቃዎች መዘግየታቸውን ከመጥቀሱም ሌላ፣ ሚኒስቴሩ መርከቧን ለማስረከብ ያስቀመጠው የ2018 ቀነ ገደብ እንደማይሳካና ጠቅላላ ሥራው እስከ 2023 ሊዘልቅ እንደሚችል አሳስቧል። ከጊዜ በኋላ የታየው ውጤት የኦዲተሩ ግምት ለእውነታው የቀረበ እንደነበር አረጋግጧል። መርከቧ በ2022 ብትመረቅም ተዋጊ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈባት በፌብሩዋሪ 2023 ነውና። የኦዲት ሪፖርት ሥራው ካለቀ በኋላ የሚከፈት የወቀሳ ሰነድ ተደርጎ ሳይወሰድ፣ ሥራው በመካሄድ ላይ እያለ የጊዜ ሰሌዳን ለማረም የሚያገለግል መሣሪያ መሆን እንደሚችል ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

መርከቧና አውሮፕላኖቿ

ቪክራንት አውሮፕላኖችን የምታስነሳው ወደ ላይ በቀናው የፊት ወለሏ አማካይነት ሲሆን፣ የሚያርፉትን ደግሞ በወለሉ ላይ በተዘረጉ ገመዶች ይዛ ታቆማለች። ዲዛይኗ ሲወጣ ታሳቢ የተደረገው ሚግ 29 ኬ የተሰኘው የሩሲያ አውሮፕላን ነበር። ህንድ በ2004ና በ2010 በተፈረሙ ውሎች 45 እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖችን ገዝታለች። ዋና ኦዲተሩ በ2016ቱ ሪፖርቱ እንዳመለከተው ግን በማናቸውም ጊዜ ለሥራ ዝግጁ የነበሩት ሚግ 29 ኬዎች ከ16 እስከ 38 በመቶ በሚደርስ መጠን ብቻ ነበሩ። በአገር ውስጥ የተሠራው ቀላል ተዋጊ አውሮፕላን የባሕር ኃይል ዓይነትም ከመርከብ ላይ በሙሉ ጭነት ለመነሳት ክብደቱ እንደማይመች በ2016 በባሕር ኃይሉ ተገልጿል።

የራፋል ግዥ የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ከ26ቱ አውሮፕላኖች 22ቱ ባለ አንድ መቀመጫ ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ አራቱ ለሥልጠና የሚያገለግሉ ባለ ሁለት መቀመጫ ናቸው። ርክክቡ እስከ 2030 እንዲጠናቀቅ ታቅዷል። በዚህም መሠረት መርከቧ ከተመረቀች በኋላ የተሟላ አዲስ የአውሮፕላን ኃይል ለማግኘት ስምንት ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። ከዚህም በላይ አውሮፕላኖቹን ከታችኛው ክፍል ወደ ወለሉ የሚያወጡት አሳንሰሮች መጠን የተወሰነው ሚግ 29 ኬ ታስቦ ነው። የራፋል ክንፍ ደግሞ እንደ ሚግ አይታጠፍም። አውሮፕላኑ ሳይወሰን የተሠራ ወይም በኋላ የተለወጠ ምርጫ በመርከቡ አካል ላይ የሚያስከትለው ጣጣ በዚህ ይታያል።

በመርከቧ ግንባታ የአገር ውስጥ ድርሻ 76 በመቶ መድረሱን ባሕር ኃይሉ ገልጿል። ይህ ከፍተኛ ስኬት መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁንና አሐዙ መርከቧን እንጂ በላይዋ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች አይመለከትም። የቀረው 24 በመቶም ቢሆን በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ተርባይኖቹ በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ዲዛይን የተሠሩ ሲሆን፣ የአውሮፕላን ማስነሻና ማሳረፊያ ሥርዓቱም በሩሲያ ድጋፍ የተሟላ ነው። በመሆኑም የአገር ውስጥ ድርሻ በመቶኛ ሲለካ የቀረው ክፍል ምን እንደሆነ አብሮ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ችግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚገነቡ አገሮች ብቻ የተወሰነ አይደለም። ብሪታንያ በጁላይ 2008 እያንዳንዳቸው 65 ሺህ ቶን የሚመዝኑ ሁለት መርከቦችን ለማስገንባት ውል ፈርማ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓመታዊ በጀት ጫናን ለማቃለል ሥራው እንዲዘገይ ወሰነች። የአገሪቱ ብሔራዊ የኦዲት ቢሮ እንዳረጋገጠው ይህ ውሳኔ በጠቅላላ ወጪው ላይ 1 ነጥብ 56 ቢሊዮን ፓውንድ ጨምሯል። በ2010 ደግሞ የሚጫነው አውሮፕላን ዓይነት እንዲለወጥና መርከቡ አውሮፕላን ወንጫፊ መሣሪያ እንዲገጠምለት ተወሰነ። በ2012 የለውጡ ወጪ ከታሰበው ከእጥፍ በላይ ሆኖ በመገኘቱ መንግሥት ወደ ቀድሞው ውሳኔ ተመለሰ። ይህ መመላለስ ብቻ 74 ሚሊዮን ፓውንድ አስወጥቷል። ክዊን ኤልሳቤጥ የተሰኘችው የመጀመሪያዋ መርከብ በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሩቅ ባሕር ስትሰማራ ከያዘቻቸው 18 ኤፍ 35 አውሮፕላኖች አሥሩ የአሜሪካ ነበሩ።

ከሁሉም የላቀ ልምድ ያላት አሜሪካም በ2017 ሥራ ያስጀመረቻት ጄራልድ ፎርድ የተሰኘችው መርከብ 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅታባታለች። በርካታ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች በአንድ ጊዜ በመገጠማቸው፣ የጦር መሣሪያ ማመላለሻ የሆኑት 11 አሳንሰሮቿ ሁሉም ተጠናቀው የተረከቡት በዲሴምበር 2021 ነው። ይህም መርከቧ ከተመረቀች ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ቻይና የተከተለችው መንገድ ከእነዚህ ይለያል። ከዩክሬን የገዛችውን ያልተጠናቀቀ መርከብ ጨርሳ በ2012 ሊያዎኒንግ ብላ ሥራ አስጀመረች። በዚያው ዲዛይን ላይ ማሻሻያ አድርጋ በአገር ውስጥ የሠራቻት ሻንዶንግ በ2019፣ በኤሌክትሮማግኔት የምትወነጭፈው ፉጂያን ደግሞ በኖቬምበር 2025 አገልግሎት ጀምረዋል። በዚህ አካሄድ አንዱ ሥራ ሳይቋረጥ ሌላው በመቀጠሉ የተገኘው ዕውቀት ከመርከብ ወደ መርከብ ሊተላለፍ ችሏል።

ሦስተኛዋ መርከብ

ህንድ አሁን የተጋፈጠችው ጥያቄም ይኸው የቀጣይነት ጉዳይ ነው። ባሕር ኃይሉ ከሦስት መርከቦች አንዷ ሁልጊዜ በጥገና ላይ ስለምትሆን፣ በአረብ ባሕርና በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ አንድ አንድ መርከብ ለማሰማራት ሦስት ያስፈልጉኛል ሲል ይከራከራል። በአንፃሩ የወቅቱ የመከላከያ ኃይሎች ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ቢፒን ራዋት በ2020 ለባሕር ኃይሉ ቅድሚያ የሚያስፈልጉት ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው የሚል አስተያየት ሰጥተው ነበር። ረጅም ርቀት የሚጓዙ ፀረ መርከብ ሚሳይሎች በተስፋፉበት በአሁኑ ወቅት በአንድ መርከብ ላይ ይህን ያህል ሀብት ማከማቸት ተገቢ አይደለም የሚለው መከራከሪያም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ይህ ክርክር ከአሥር ዓመት በላይ የዘለቀ ሲሆን፣ የመዘግየቱ ዋጋ የሚከፈለው በኮቺ ነው። በጃንዋሪ 2024 በዚያው 310 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ የመርከብ መገንቢያ ገንዳ ተመርቋል። ገንዳ ግን ሥራ ባይኖርም ባለበት ይቆያል። የማይቆየው ልዩ ብረት መበየድ የለመደው እጅ፣ የማርሽ ሳጥኑን ከማሽከርከሪያው ጋር ማመጣጠን ያወቀው መሐንዲስና ከ2 ሺህ በላይ ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ ገመድ የዘረጋው ቡድን ነው። ባሕር ኃይሉ እንደገለጸው በመርከቧ ሥራ በግንባታ ድርጅቱ ብቻ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ፣ በሌሎች ኩባንያዎች ደግሞ ከ12 ሺህ በላይ ሠራተኞች ተሳትፈዋል። ብሪታንያ በኒውክሌር ኃይል የሚንቀሳቀሱ ሰርጓጅ መርከቦችን ስትገነባ በሁለት ትውልድ መርከቦች መካከል ሰፊ የሥራ ክፍተት በመፈጠሩ ባለሙያዎቿ ተበትነው፣ አስቲዩት የተሰኘው ፕሮጀክት ከባድ መጓተት ሲገጥመው የአሜሪካ ኩባንያ ድጋፍ ለመጠየቅ መገደዷ አይዘነጋም።

ስለሆነም የህንድ መንግሥት ሦስተኛዋ መርከብ አታስፈልግም ብሎ ቢወስን አንድ ውሳኔ ነው፤ ገንዘቡም ለሰርጓጅ መርከቦች ሊውል ይችላል። ታስፈልጋለች ብሎ ቢወስንም የቪክራንትን ዲዛይን መነሻ በማድረግ ያለውን ባለሙያ ማሰማራት ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ሳይወስኑ መቆየት ነው። ውሳኔው ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ከሆነ ለቪክራንት የተከፈለው የመማሪያ ዋጋ ዳግም መከፈሉ አይቀርም።

ለአገራችን አንባቢ ጉዳዩ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። የህንድ ባሕር ኃይል ግን ከ2008 ጀምሮ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ በሚተላለፍበት በኤደን ባሕረ ሰላጤ የባሕር ላይ ውንብድናን ለመከላከል ሲቃኝ ቆይቷል። ከዚህ ባሻገር ግድብ፣ የባቡር መስመር ወይም ፋብሪካ የሚያስገነባ ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከኮቺ የሚወስደው ትምህርት አለ። ረጅም ጊዜ የሚወስዱ ዕቃዎችን ከዋናው ግንባታ ቀድሞ ማዘዝ፣ ያልተፈተነ ምርምርን ከግንባታ የጊዜ ሰሌዳ ለይቶ ማስኬድ፣ ውልን ከሥራው በፊት ማጠናቀቅ፣ የኦዲት ግኝትን በጊዜው መጠቀምና ያካበቱትን የሰው ኃይል ለቀጣዩ ሥራ ማሸጋገር የመርከብ ግንባታ ብቻ መርሆች አይደሉም። ኮቺን የመርከብ ግንባታ ድርጅት እነዚህን ሁሉ ለማወቅ ሃያ ዓመት ወስዶበታል። የህንድ መንግሥት የሚጠበቅበት ይህ ዕውቀት በባለሙያዎቹ ዘንድ ሳለ በጉዳዩ ላይ መወሰን ነው።